የአንድ ሰው ዘንቢል

«ፌስታል የለም።»

ጴጥሮስ ይህን ያለው ቀና ብሎ ሳያያት ነው። ሽንኩርቱን ከሚዛኑ ላይ አንስቶ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለለና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ቲማቲሙንም እንደዚሁ። ድንቹንም እንደዚሁ። ወይንሀረግ ፊቷ የተደረደሩትን ሦስት ትንንሽ ጥቅሎች ስታይ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ባለፈው ሳምንት ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ነበር። ከእንግዲህ ግን እዚህ ሱቅ ፌስታል የሚባል ነገር አይገባም። ከቤትዎ ዘንቢል ይዘው ይምጡ። ዘንቢል ይዞ ለመጣ እመርቃለሁ።»

ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። የሳቁት በእሱ ነው። ሰው ሁሉ ፌስታል ፍለጋ በሚሯሯጥበት ጊዜ ወደ ዘንቢል የሚመልስ ነጋዴ አይተው ስለማያውቁ ነው። ለወይንሀረግ ግን ሳቁ በሙሉ በእነዚያ ጥቅሎች ላይ ያረፈ መሰላት። ተደማምረው ከአንድ ሰው እራት እንደማያልፉ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። እቅፍ አድርጋቸው «ደህና ዋሉ» እንኳ ሳትል ወጣች።

ይህ የሆነው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ አገሩ ሪፐብሊክ ሊባል ሽር ጉድ በሚልበት ጊዜ ነው። የጴጥሮስ ሱቅ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበረች። በአንድ ፌስታል ይህን ያህል መከፋት ምን ይሉታል ብትሉ አልፈርድባችሁም። ግን እስቲ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ወይንሀረግ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ወንድሟ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ በዚያው ቀረ፤ እናቷም በር በሩን እያዩ ኖረው አረፉ። ከዚያ ወዲህ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ብቸኝነቱን እንኳ ችላው ነበር። ያልቻለችው መታወቁን ነው። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ዘይት በሚያድልበት ቀን አዳዩ እያንዳንዱን ሰው ከነቤተሰቡ ብዛት ጮክ ብሎ ይጠራል። «ሙለታ ቱሉ፣ ስምንት ነፍስ!» ይላል። ተራዋ ሲደርስ ደግሞ «ወይንሀረግ፣ አንድ ነፍስ!» ይላል። ይኼኔ ሰልፈኛው ዞር ይላል። አንዳንዷ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ያች የከንፈር መጠጣ እስከሚቀጥለው እደላ ድረስ ከጆሮዋ አትወጣም።

ስለዚህ አትክልቷን ከሰፈሯ ራቅ ብላ፣ ማንም ከማያውቃት ከጴጥሮስ ሱቅ ትገዛለች። እዚያም ዘዴ አበጅታለች። ሽንኩርቱን ለብቻ፣ ቲማቲሙን ለብቻ፣ ድንቹን ለብቻ፣ ዳቦውን ለብቻ በፌስታል ታስደርግና በሁለት እጇ አንጠልጥላ ስትሄድ፣ ላያት ሰው ቤት ሙሉ ልጅ የሚጠብቃት እናት ትመስላለች። ፌስታሉ ሰማያዊ ነው፤ ውስጡ አይታይም። አንዳንዴማ አፉን ከመቋጠሯ በፊት አየር ታስገባበታለች። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እሷም በራሷ የምትስቅበት ቀን ነበራት።

ያን ጨዋታ ከሁሉም በላይ ያመነው ጴጥሮስ ነው። ደንበኛው ከሆነች ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ከተቋጠሩት ፌስታሎች ላይ አንድ ብርቱካን ጣል አደረገና «ለልጆቹ» አላት። ልጅ የለኝም ልትል አፏን ከፈተች። ግን ሰውየው ፈገግ ብሏል። ለእሷ ብሎ ፈገግ ያለ ሰው ካየች ስንት ጊዜዋ! «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ብርቱካኑ ቀርቶ አያውቅም። አልፎ አልፎም «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» ይላታል። «ደህና ነው» ትላለች። ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የልጆቹን ብርቱካን ትልጣለች። መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ ነበር። በኋላ በኋላ ግን ይመራት ጀመር።

ጴጥሮስ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ የመጣ ካቶሊክ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ዝም ያለ ሰው ነው። ሚስት የለውም። ሲመዝን ወደ ገዢው ያጋድላል። ቅቤ ሲሸጥ በኮባ ቅጠል አድርጎ፣ ሕፃን እንደሚጠቀልል ቀስ ብሎ ነው የሚጠቀልለው። ወይንሀረግ እነዚያን እጆች ስታይ ከመሥሪያ ቤት ይዛው የመጣችው ድካም ይለቃታል። ወደደችው። እዚህ ላይ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም፣ ወደደችው። ግን የልጆች እናት የሆነች ባለትዳር፣ ባለሱቅ ወደድኩ ብላ ለማን ትናገራለች? የገዛ ውሸቷ አጥር ሆነባት፤ እሷም ከአጥሩ ጀርባ ቆማ ሁለት ዓመት አየችው።

እና ያ ሰው ነው ፌስታል የለም ያላት። አዋረደኝ አለች። ሆን ብሎ፣ አውቆብኝ፣ ሰው ፊት ገላልጦ ሊያሳየኝ ነው አለች።

በማግስቱ መንገዱን ተሻግራ ገረሱ ሱቅ ገባች። ገረሱ ፌስታል አይሰስትም፤ ለአንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት እንኳ ፌስታል ይሰጣል። በሁለት እጇ አንጠልጥላ ስትወጣ ጴጥሮስ ደጁ ላይ ቆሞ አያት። አንገቷን ደፍታ አለፈች። እሱም አልጠራትም። ባሏ ተቆጥቷት ይሆናል ብሎ እንዳሰበ በኋላ ነው ያወቀችው።

እንዲህ እያለች ሰነበተች። ፌስታሎቹ እንደ ድሮው ሞልተዋል። «ለልጆቹ» የሚላት ግን የለም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት፤ ከመሥሪያ ቤት ወጥታ እስከምትተኛ ድረስ የሚያናግራት ሰው እሱ ብቻ ነበር ለካ። አሁን በሯን ስትዘጋ ዝምታው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገብቶ ይጠብቃታል። ሬዲዮ ከፍታ ዜናውን ታዳምጣለች፤ ዜናው ሲያልቅ እንደገና ዝምታ ነው።

አንድ እሑድ ፌስታሎቿን አጥባ ገመድ ላይ ስታሰጣ ጎረቤቷ እትዬ ጠጅቱ አዩዋት። እትዬ ጠጅቱ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸውን የዳሩ፣ የሰፈሩን ወሬ ያለ ክፍያ የሚያደርሱ ደግ ሴት ናቸው።

«እባክሽ ይህን ነገር አንሺልኝ ልጄ» አሏት። «ሳየው ያቺ ላም ትመጣብኛለች።»

የምን ላም ስትላቸው ነገሩን ከሥሩ አወሩላት። ጴጥሮስ ከሱቁ ጓሮ ቡሬ የምትባል ላም ነበረችው። እትዬ ጠጅቱ ወተት የሚገዙት ከእሱ ነው፤ ሰውየውም እንደ እናቱ ነው የሚያያቸው። ቡሬ በክረምቱ መግቢያ መብላት አቆመች፤ ሆዷ ተነፋ። ጴጥሮስ አጠገቧ እየተቀመጠ ሰነበተ፤ ተልባም አጠጣት፤ አልሆነም። ሞታ ስትከፈት ሆዷ በፌስታል ተጠቅጥቆ ተገኘ። ወንዙ ዳር ስትግጥ፣ ሰው የጣለውን፣ ጎርፍ ያመጣውን ከሣሩ ጋር ስትውጥ ኖራለች።

«እዚያው ቁጭ ብሎ ምን አለ መሰለሽ? እኔው ሰጠሁ፣ እኔው ገደልኳት አለ። የቀረውን ፌስታል በሙሉ ለአምጪው መለሰና ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘንቢል አምጡ ሲል ሰዉ ያሾፍበታል።»

ወይንሀረግ እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። «ፌስታሉ ምን ዓይነት ነበር?»

«ሰማያዊ ነው አብዛኛው።»

የተቀደዱትን የት ስትጥል እንደኖረች ለማስታወስ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ከግቢው ጀርባ ያለው ቦይ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። እሷን ለማዋረድ ያደረገው አንዳች ነገር አልነበረም። ላሙን የቀበረ ሰው ነበር፤ እሷ ደግሞ አንድ ቃል ሳትጠይቀው ጀርባዋን ሰጠችው።

እትዬ ጠጅቱ ግን ወሬያቸውን አልጨረሱም። ጴጥሮስ ለመስቀል አገሩ ሊገባ ነው። እንደምታውቁት በእነሱ ዘንድ ለመስቀል የማይገባ የለም፤ የቆመ ጉዳይ ሁሉ፣ ትዳርም ጭምር፣ የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። አባቱ ልጅ አይተውለታል፤ ዘንድሮ ሚስት ይዞ ይመለሳል።

«ታዲያ ደስ አይልም?» አለች ወይንሀረግ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ምኑ ደስ ይላል! ልቡ ሌላ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ጠይቄው ነገረኝ። አንዲት ደንበኛው ናት አሉ፤ ባለትዳር፣ የልጆች እናት። ለልጆቿ ብርቱካን ከመስጠት በቀር ቃል ከአፌ አልወጣም፣ የሰው ትዳር ነው አለኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

ወይንሀረግ ምን ብላ ተለይታቸው እንደገባች አታውቅም። አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ይወዳታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይወዳት ነበር። ብትነግረው፣ እደላው ላይ የምትሸሸውን ያን ቃል በገዛ አፏ መናገር አለባት፤ ያውም ውሸታም መሆኗን ጨምራ። ባትነግረው ሚስት አግብቶ ይመጣል፤ እሷም ከገረሱ ሱቅ ፌስታል እያንጠለጠለች ታረጃለች። ያን ሌሊት አለቀሰች፣ ያውም ድምፅ አውጥታ።

ቅዳሜ የእናቷን ዘንቢል ከተሰቀለበት አውርዳ አራገፈችው። አፉ የተከፈተ ዘንቢል ይዞ መንገድ መውጣት ለእሷ ነጠላዋን ጥላ እንደመውጣት ነበር። ሱቁ በገዢ ተሞልቷል። ተራዋን ጠብቃ ባንኮኒው ጋ ስትደርስ ጴጥሮስ መጀመሪያ ያየው ዘንቢሉን ነው፣ ቀጥሎ እሷን።

«መጡ!» አለ። ቶሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተቀይመውኝ መስሎኝ ነበር።»

ሽንኩርት ሩብ ኪሎ አለችው። ቲማቲም ሦስት ፍሬ። ድንች ለአንድ ጊዜ የሚበቃ። እሱ ይጨምሩ ትለኛለች እያለ ጠበቀ፤ እሷ ግን በቃኝ አለች። ሁሉም ገብቶ የዘንቢሉ ታች እንኳ በደንብ አልተሸፈነም። ጴጥሮስ ሁለት ብርቱካን አነሣ።

«ይኼ ለልጆቹ። ይኼ የዘንቢሉ ምርቃት።»

ሁለቱንም አውጥታ ባንኮኒው ላይ መለሰችለት።

«ልጆች የሉም» አለች።

«የት ሄዱ?»

«የትም አልሄዱም። ኖረውም አያውቁም። ባልም የለኝም። እኔ ብቻዬን ነኝ የምኖረው።»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ጫጫታ ተቋረጠ። ጴጥሮስ እጁን ሚዛኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ያ ሁሉ ፌስታልስ?»

«የአንድ ሰው እራት ነበረበት። ብዙ እንዲመስል ነው... ሰው እንዳያዝንልኝ።» ዘንቢሉን ወደ ራሷ ሳበች። «ስለ ቡሬ ሰማሁ። ሆዷ ውስጥ ከተገኘው የእኔም እንዳለበት አስባለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ብርቱካኑን ማን ነበር የሚበላው?»

«እኔ።»

አንዷ ሴት ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። ጴጥሮስ ወይንሀረግን ለረጅም ጊዜ አያት። ፊቱን አዞረና ከኋላዋ ለነበረችው ሴት «እርስዎስ ምን ልስጥዎ?» አላት።

ወይንሀረግ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። እስከ ቤቷ ድረስ ዞር ብላ አላየችም።

ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ተቆልፏል። ገረሱ ከማዶ ሆኖ ጮኸላት። «አትድከሚ፣ ለመስቀል ሄዷል! ሙሽራ ይዞ ነው የሚመጣው።»

የመስቀል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ደመራ ሊያይ ወጣ። እሷ ቤቷ ቀረች። ከውጭ የልጆች ጭፈራ ይሰማታል፤ እየቀረበ መጥቶ እየራቀ ይሄዳል። በዓሉን ድንች ቀቅላ ብቻዋን በላች። ሀዘኑ ከባድ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ሆኖም አንድ ነገር ቀለላት። ፌስታል መንፋት ቀረ። ገበያዋን በዘንቢል ታደርጋለች፤ ማንም የፈለገ ጎንበስ ብሎ ይይ። እደላው ላይ አዳዩ «አንድ ነፍስ!» ሲል «አቤት» ብላ ወጣች፤ ከንፈር የመጠጠችውን ሴትዮም ቀና ብላ አየቻት።

በሱቁ በኩል ግን ማለፍ ተወች። ሙሽራይቱን ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ማየት ከአቅሟ በላይ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት በሯ ተንኳኳ። እሷ ዘንድ በር የሚያንኳኳ የቀበሌ ሰው ብቻ ነው። ስብሰባ ልትባል መስሏት እየተበሳጨች ከፈተች።

ጴጥሮስ ነው። አዲስ ኮት ለብሷል፤ ጫማው ግን ጭቃ በጭቃ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአፏ የለቀመውን ይዞ፣ ሜክሲኮ የምትሠራ፣ ልደታ ጀርባ የምትኖር ታይፒስት እያለ ሰፈሩን በሙሉ ሲጠይቅ ነው የዋለው።

«ይግቡ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ገባና መሐል ወለሉ ላይ ቆመ። ቤቷን አየ። ግድግዳው ላይ የእናቷና የወንድሟ ፎቶግራፍ አለ። ሌላ ፊት የለም።

«ያን ቀን ተቆጥቼ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። ዋሽቼዎታለሁ።»

«ስለዋሸሽኝ አይደለም።» አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነው፤ ሁለቱም ሰሙት። «ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለ ሰው ስፈራ ኖርኩ። ባልሽን በሐሳቤ እየሣልኩ... ደህና ነው ወይ እያልኩ እየጠየቅሁ... አንድ ቀን ቢመጣና ዓይኔን ቢያየው ያውቅብኛል ብዬ ስሸሽ። ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅ። እና ያ ሰው የለም ስትዪኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ መፍጀቴ ነው ያንገበገበኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብናገር አለቅስ ነበር።»

ወይንሀረግ በሩን ተደግፋ ቆማለች። የምትፈራውን ጥያቄ ሳትጠይቀው ብትቀር ወደደች፤ ግን ጠየቀች።

«ሙሽራይቱስ?»

«ቤታቸው አልሄድኩም። አባቴ ፊት ቆሜ፣ አዲስ አበባ ቃሌን የሰጠኋት ሴት አለች አልኩ።» አንገቱን ደፋ። «ውሸቴን ነው። ለአንቺ የሰጠሁሽ ቃል የለም፤ የሰጠሁሽ ብርቱካን ነው። አሁን እኔም እንዳንቺ ውሸታም ሆኜ ነው የመጣሁት።»

ሳቋ ሳታስበው መጣ፤ እንባዋም አብሮ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ» አለች።

«ማተብሽን አይቻለሁ። አባቴም ይህንኑ ነው የጠየቀኝ። ካቶሊክ አይደለችም ስለው፣ ጾም ትጾማለች ወይ አለኝ። ትጾማለች አልኩት። በቃ፣ ሌላ አልተናገረም።»

«ጴጥሮስ... ብቻዬን ብዙ ኖሬያለሁ። ከሰው ጋር መኖር እንዴት እንደሆነ ረስቼው ይሆናል።»

«እኔም አልችልበትም። ቀስ እያልን እንለምደዋለን።» ከዚያ ዓይኑን ዓይኗ ላይ አሳረፈ። «ያን ውሸቴን እውነት ታደርጊልኛለሽ?»

«አደርግልሃለሁ» አለችው።

ጴጥሮስ አሁንም እንደቆመ ነው። ወይንሀረግ እንዲቀመጥ ልትለው ፈለገችና ግራ ቀኝ አየች፤ ቤቷ ውስጥ ከአልጋዋ በቀር መቀመጫ የለም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንግዳ አስተናግዳ አታውቅም። ጠብቀኝ አለችውና እየሮጠች ግቢውን ተሻገረች።

«እትዬ ጠጅቱ፣ ወንበር ያውሱኝ።»

እትዬ ጠጅቱ ምስር እየለቀሙ ነበር። «ወንበር? ለምንሽ ነው ልጄ?»

«ሰው መጥቶብኝ ነው።»

«አንቺ ዘንድ? ማን መጣ?»

«ጴጥሮስ።»

እትዬ ጠጅቱ ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ፊቷን አዩት፤ ያበጡ ዓይኖቿን አዩ፤ ፈገግታዋን አዩ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያቺ ባለትዳር አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ገና ነኝ» አለች ወይንሀረግ፣ ወንበሩንም ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች።